በሰዓቱ ያለቀው ኮት

አቶ መኩሪያ የሚባሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ በፈተና ላይ ከፍጥነት በቀር የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም። ለሰባተኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ወላጆችን ሰብስበው፣ «ልጆቻችሁን ፍጥነት አስተምሯቸው! ከባዱን ዝለሉ፣ ቀላል ቀላሉን ሥሩ፣ ደወል ሲደወል እርሳስ አስቀምጡ በሏቸው» አሉ።

ከወላጆቹ አንዱ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበር። በስፌት የምታግዘው ልጁ ሶስና ተፈተነች፤ ከሠራችው ሁሉ አንድም አልሳተችም። ነገር ግን ከባዱን ካልፈታሁ ወደ ሌላው አላልፍም ብላ ስትታገል ደወሉ ተደወለ፣ ወደቀች።

አባትየው ሄዶ አቶ መኩሪያን ቢለምን፣ «ቀርፋፋ ናት፤ ቀርፋፋ አንቀበልም» አሉት። ይህን ብለው ሳያፍሩ ጨርቅ አወጡና፣ «ለቅዳሜ በዓል ኮት ስፋልኝ። ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ አንዲት ደቂቃ አልጠብቅም» ብለው አዘዙት።

ቅዳሜ ልክ በሦስት ሰዓት መጥተው ኮቱን ለበሱት። ኪሶቹ ያምራሉ፣ ቁልፎቹም በወጉ ተተክለዋል። እጅጌና ኮሌታ ግን የለውም።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ። «እንግዶች እየጠበቁኝ ነው እኮ!»

«ጌታዬ፣ እንዳሉት ነው የሠራሁት» አለ ልብስ ሰፊው። «እጅጌና ኮሌታ ከባድ ስለሆኑ ዘለልኳቸው። ቀላል ቀላሉን ግን ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ እጅጌውን አሁን ማን ይገጥምልኛል?»

«እጅጌ የምትገጥምልኝስ ሶስና ነበረች፤ ከባድ ነገር ከያዘች ሳትጨርስ አትነሳም። ምን ያደርጋል፣ ቀርፋፋ ናት።»