የሉባባ በርና ያልተሰነጠቀው ዛቢያ

እስቲ ጆሮ ያለው ወደዚህ ይጠጋ፤ የማወራው ስለ አንድ በር ነው።

ጅማ ውስጥ ሉባባ የምትባል እንጨት ጠራቢ ነበረች። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ከአባ ራያ ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ የዋንዛ በር ጠርባ ቤቷ ላይ ገጠመች። ጎረቤቷ አናጺው ነጂብ ግን፣ ሴት የጠረበችው በር አንድ ክረምት እንኳ አይችልም ብሎ መንደሩን አሳቀ። ክረምቱ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በሩ ራሱ "ዝናቡ ሳይሰነጥቀኝ ቀቢኝ" አላት።

ወደ ተልባ ዘይቱ ሄደች። ዘይቱ ኮራ ብሎ፣ ከዛፍ ሙጫ ጋር ሳልፈላ በሩን አልቀባም አለ።

ወደ እሳቱ ሄደች። "እሳቴ፣ ዘይቱን አፍላልኝ፤ ዘይቱ በሩን አልቀባም አለኝ።" እሳቱም ፍልጥ ካልበላሁ አላፈላም አለ።

ወደ ግንዱ ሄደች። "ግንዴ፣ እሳቱን መግብልኝ፤ እሳቱ ዘይቱን አላፈላም፣ ዘይቱ በሩን አልቀባም አለኝ።" ግንዱም ይህን ሁሉ ገላ ይዤ ምድጃ አልገባም፣ መጀመሪያ ልፈለጥ አለ።

ወደ መጥረቢያው ሄደች። "መጥረቢያዬ፣ ግንዱን ፍለጥልኝ፤ ግንዱ እሳቱን አልመግብም፣ እሳቱ ዘይቱን አላፈላም፣ ዘይቱ በሩን አልቀባም አለኝ።" መጥረቢያው እጀታው ወልቋል። ያለ ዛቢያ አልፈልጥም አለ።

ሉባባ ተናደደች፤ እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ቆጥ ላይ ወደተቀመጠው የአባቷ ዛቢያ ወጣች። "ዛቢያዬ፣ መጥረቢያው ውስጥ ግባልኝ፤ መጥረቢያው ግንዱን አልፈልጥም፣ ግንዱ እሳቱን አልመግብም፣ እሳቱ ዘይቱን አላፈላም፣ ዘይቱ በሩን አልቀባም አለኝ። አንተም እንቢ በለኝና ይለይልኝ።"

ዛቢያው ግን እንዲህ አላት፦ "ልጄ፣ አባትሽ ይህንኑ ዘይት በሙጫ አፍልተው ከቀቡኝ ሠላሳ ክረምት አለፈ። እስቲ ዳስሺኝ፣ ስንጥቅ ታገኛለሽ? ነገሩ የዘይቱ ከሆነማ እኔ እንቢ አልልም።"

ያን ጊዜ ዛቢያው መጥረቢያው ውስጥ ገባ፣ መጥረቢያው ግንዱን ፈለጠ፣ ግንዱ እሳቱን መገበ፣ እሳቱ ዘይቱን ከሙጫው ጋር አፈላ፣ ዘይቱም በሩን ቀባ። አንዴ ቀብታ አደረቀችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። በሩ ማር መሰለ።

ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ሦስት ወር በሩን ደበደበው፣ ውሃውም እየተንሸራተተ ወረደ። መስከረም ላይ ነጂብ መጥቶ ደጃፏ ቆመ። ሉባባ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ "ዳስሰው ነጂብ፣ ስንጥቅ ታገኛለህ?" አለችው።

ነጂብ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሱም ቤት በር እንድትጠርብለት ለመናት።