ሸጋው በባሕር ላይ የማለው መሐላ

ተረት ተረት!

፦ ጆሯችን ክፍት በረት!

እንግዲያው የገባው እንዳይወጣ በሩን ዝጉት።

በድሮ ዘመን ሸጋው የሚባል ነጋዴ የሰም ደንበኛውን ሁለት ሴት ልጆች ሰረቀ። አዎ፣ ሰረቀ ነው የምላችሁ። ዶሮ ሲሆን «ሰረቀ»፣ ሰው ሲሆን «ነገደ» የሚሉ አሉ። እኔ ለሁለቱም ያለኝ ቃል አንድ ነው።

ትልቋ ዲንቄ ትባላለች፣ ታናሿ ሎሚ። እናታቸው በቀፎዋ የታወቀች የደን አገር ሴት ነበረች። ሸጋው በየዓመቱ ከሩቅ ይመጣና ሰሟን ይገዛል። ቁርበት ይነጠፍለታል፣ ማሯን ይልሳል፣ «እህቴ» ይላታል። አንድ ቀን ታዲያ እንዲህ አላት፦

፦ እህቴ፣ በቅሎዬ አነከሰችብኝ። ልጆቹ ይህን ሰም እስከ ወንዙ ማዶ ያድርሱልኝና ዶቃ መርጠው ይመለሱ።

እናት ምን ትጠርጥር? ማሯን የላሰ ሰው ነው። ልጆቹ ሰሙን ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ የሸጋው ሎሌዎች ከኋላ መንገዱን ዘጉ። ዶቃውም የለ፣ መመለሱም የለ።

ከዚያም እንደነሱ ከተሰረቁ ሌሎች ጋር ቁልቁል ተነዱ። መንገዱ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር ልጆቼ። ከደጋ ሰም ይወርዳል፣ ቡና ይወርዳል፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፣ ሰው ይወርዳል። ከባሕር ደግሞ አቡጀዲ ይወጣል፣ ዶቃ ይወጣል፣ ጠመንጃ ይወጣል። ሰው ግን አይወጣም። የወረደ ወረደ ነው። በቅሎው በግመል ተተካና ጭቃው አሸዋ ሆነ። ሸጋውም አብረዋቸው የተነዱትን በየገበያው ሸጠና እነዚህን ሁለቱን አስቀረ። ለምን? ከባሕሩ ማዶ የተሻለ ያወጣሉ ብሎ ነዋ!

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ሎሚ ጠየቀች፦

፦ እቴቴ፣ ይህ ውሃ ማዶ የለውም እንዴ?

፦ አለው። ከዚያ ተመልሶ የመጣ ሰው ግን አላየሁም። እጄን አትልቀቂ።

ጀልባው ተጫነ። ሰሙ ከታች፣ ቡናው ከሰሙ በላይ፣ ልጆቹ ከቡናው በላይ። ቡናው እርጥበት እንዳይነካው ሸራ ለበሰ። ልጆቹ ፀሐይ ለበሱ።

መሐል ባሕር ሲደርሱ ጭስ የሚተፋ የፈረንጅ መርከብ ብቅ አለ። ፈረንጆቹ በዚያ ዘመን ባሪያ የጫነ ጀልባ ካገኙ ጭነቱን ይወርሳሉ፣ ነጋዴውንም ያስራሉ። ጻድቅ ሆነው አይምሰላችሁ! እነሱም በፊት በሌላ ባሕር ስንቱን ሰው ጭነው ጠግበዋል። ከጠገቡ በኋላ ነው ሌላው እንዳይበላ የከለከሉት።

ሸጋው ጭሱን ሲያይ ከጓዙ የሐር ሻሽና የወርቅ ጉትቻ መዥርጦ አወጣና ዲንቄን አስጌጣት።

፦ ስሚ! አንቺ ሚስቴ ነሽ፣ ይህች የሚስቴ እህት ናት። ሌላ ቃል ከተነፈስሽ ይህችን ትንሽ ለዓሣ ነው የምሰጣት።

ዲንቄ የሎሚን እጅ ጨበጠች። የፈረንጆቹ አለቃ ከአስተርጓሚው ጋር ጀልባው ላይ ወጣ።

፦ ይህች ማን ናት?

፦ ሚስቴ ናት! አለ ሸጋው።

፦ ማል።

፦ ሚስቴ ካልሆነች ይህ ባሕር ይብላኝ!

የጀልባው ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ፈረንጁ ሻሹን አየና አመነ። ዓይኗን ቢያይ ኖሮ ሌላ ነገር ባነበበ።

ከዚያም ጀልባውም ባለጭሱ መርከብም ውሃ ሊቀዱ አንዲት ደሴት ዳር አረፉ። ሸጋው ተጨነቀ። ፈረንጆቹ እያዩት ጉትቻውን መንቀል አልቻለም። የደሴቷ ሴቶች ደግሞ ሙሽራ መጣች ብለው እልል እያሉ ዲንቄን ከነእህቷ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወሰዷት። ከመሐላቸው አሚና የምትባል አሮጊት ነበረች። አሚና የደጋ ነጋዴዎችን ቋንቋ ታውቃለች፤ ዲንቄም ቋንቋውን ከእናቷ ደንበኞች ለምዳዋለች።

፦ ምነው ሙሽሪት፣ ፊትሽ የለቅሶ ቤት መሰለ? ባልሽ ያንኮራፋል?

ዲንቄ አልሳቀችም።

፦ እማማ፣ በእናንተ አገር ሰው «ሚስቴ ናት» ብሎ ከማለ በኋላ ሊሸጣት ይችላል?

አሚና መቅጃዋን መሬት አስቀመጠች።

፦ ሚስት አትሸጥም ልጄ። ባሏ ከበደላት ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቀርባ ትፈታዋለች።

፦ ምስክር ያስፈልጋል?

፦ ሁለት ይበቃል።

፦ እኔ ሙሉ ጀልባ አለኝ፤ አለች ዲንቄ።

አሚና የጠራቻቸው የደሴቷ ሽማግሌዎች በተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሸጋው ተጠራ። የፈረንጆቹ አስተርጓሚ እዚያው አጠገብ በርሜል እያስሞላ ጆሮውን አቁሟል።

፦ አንተ ሰው፣ ይህች ሴት ሚስትህ ናት ወይስ ባሪያህ? አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

ሸጋው ሽማግሌውን አየ። አስተርጓሚውን አየ። «ባሪያዬ» ቢል ጭነቱ ሊወረስ፣ እሱም ሊታሰር ነው። «ሚስቴ» ቢል ደግሞ... ላቡ በጢሙ ወረደ።

፦ ሚ... ሚስቴ ናት።

፦ እንግዲያው ልትፈታህ መጥታለች። በደለኝ ትላለች።

፦ ምን በደልኳት?

የጀልባው መሪ ከኋላ ጮኸ፦

፦ እኔ ልመስክር! እህቷን ለዓሣ እሰጣለሁ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንት ክፉ ባል አሳፍሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም!

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ብዙም ሳይመክሩ ፈረዱ። ዲንቄ ባሏን ፈትታለች፤ እህቷም ከእሷ ጋር ትሄዳለች። ባል ያደረገላት ጌጥ የሚስት ነውና ሻሹም ጉትቻውም ለመንገዷ ስንቅ ይሁናት አሉ። አሚናም «ልጄና ሚስቱ ነገ ወደ የብስ ይሻገራሉ፤ እናትሽ ደጅ ሳያደርሱሽ አይመለሱም» አለቻት።

ዲንቄ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ በፊት ማን ፊት ታልቅስ?

ሸጋው ግን አፍ አያጣም። ባሕሩ ዳር ተከትሏት ድምፁን አለሰለሰ።

፦ ዲንቄዬ፣ ምን ነካሽ? እኔ እኮ የእናትሽ ቤት ሰው ነኝ። ነይ፣ አሁን የምሬን ሚስት አደርግሻለሁ።

ቆይ፣ ቆይ። መልሷን በባዶ ሆድ አልናገርም። ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ ከዳቦው ዳር ቁረሱልኝ። ትንሽ ጨመር አድርጉ፣ አትሰስቱ። እሰይ፣ እጃችሁ ይባረክ።

ዲንቄ የሎሚን እጅ እንደያዘች ዞር አለችና እንዲህ አለችው፦

፦ ሚስት ከፈለግህ እናቴ ቤት ሽማግሌ ላክ። መልሱን እሷው ትሰጥሃለች። አንተም አብረህ ከመጣህ የጫማህን ጠፍር አጥብቀህ እሰር፤ ለመሮጥ ይረዳሃል።