ከአንጓች መደብ ፊት የምትቆመው ሴት

አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ ስሟ አንጓች ይባላል። በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ በቅዳሜው ገበያ፣ ቅመም ተራ ከዋርካው ሥር፣ ከእናቷ የወረሰችው መደብ ነበራት። የወረሰችው ግን መደቡን ብቻ አይደለም፤ አፍንጫም ወርሳለች። ዓይኗን ጨፍና ከማንም ጆንያ ቆንጠር አድርጋ ብታሸት፣ ኮረሪማው አዲስ ይሁን የከረመ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር በደንብ ተደልዞ ይሁን አይሁን ትናገራለች። እናቷ ልትሞት ስትል፣ «ልጄ፣ የሰው ሁሉ ሚዛን ከብረት ነው፤ ያንቺ አፍንጫሽ ነው። እሱን እመኚ፣ ጦምሽን አታድሪም» ብላታለች።

አንጓችም አመነችው፤ ጦሟንም አላደረችም። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ እዚያው ሌላ ጎጆ በቀለሰ ጊዜ፣ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መደብ ነው። ማንም አልደገፋትም። የገበያው ሰው ይህን ስለሚያውቅ በርበሬዋን ከነአክብሮቱ ይገዛት ነበር።

ምን ያደርጋል፤ አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ እናኑ መጣች።

እናኑ ከወንዙ ማዶ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ከአንጓች መደብ ትይዩ ጆንያዎቿን ደርድራ ተቀመጠች። አንጓች መጀመሪያ ከቁብ አልቆጠረቻትም። «ገበያው ሰፊ ነው፤ ትቀመጥ» አለች፣ ቸር መሆኗ ራሷን ደስ እያላት። ቸርነቷ ግን ጥቅምትን እንኳ አልተሻገረም።

የእናኑ አሻሻጥ የተለየ ነበር። በቅመም ተራ ወግ ነጋዴ ገዢ ሲያይ «ነይ የኔ እናት፣ እንደኔ ያለ የለም!» ይላል። እናኑ እንዲህ አትልም። ከበርበሬው ቆንጠር አድርጋ በገዢዋ መዳፍ ላይ ታኖርና፣ «እስቲ አሽቺልኝ፤ ምን ምን ይላል?» ብላ ትጠይቃለች። ገዢዋ «ጥቁር አዝሙዱ ትንሽ በዛ» ካለቻት፣ ወይም «ዝንጅብሉ አነሰኝ» ካለቻት፣ እናኑ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማለች። ያቺው ሴትዮ በሌላ ቅዳሜ ስትመለስ፣ ለሷ ቤት የተሰናዳ በርበሬ ለብቻው ታስሮ ይጠብቃታል።

ሰው መቼም የሚሰማው ሲያገኝ አይለቅም። ከእናኑ መደብ ፊት ተራ መያዝ ተጀመረ። ከአንጓች መደብ ፊት ደግሞ ጥላው ብቻ ቀረ።

ቅናት ገባባት። ሌላ ስም ፈልጌ አላስውበውም፤ ቅናት ነው። እናኑ ስትስቅ በሷ የሳቀች ይመስላታል። የእናኑ ጆንያ ቶሎ ሲጎድል ከራሷ ጎተራ የተዛቀ ያህል ያንገበግባታል። የራሷን ደንበኛ በእናኑ ተራ ላይ ካየች፣ ሴትዮዋ ሰላም ብትላትም ፊቷን ታዞራለች። ከሁሉም በላይ ግን የሚያናድዳት አንድ ነገር ነበር።

እናኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጆንያዋን ከመዘርጋቷ በፊት፣ ከአንጓች መደብ ፊት መጥታ ትቆማለች። «እንደምን አደርሽ እህቴ» ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ረጅም አድርጋ ትስባለች። ከዚያ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ፣ ምንም ሳትገዛ ወደ ቦታዋ ትሄዳለች።

«አያችኋት?» ትላለች አንጓች ለጎረቤት ነጋዴዎች። «ቅመሜን ልትሰልል ነው። ደግሞ ራሷን የምትነቀንቀው ስትንቀኝ ነው!» ከዚያ ወዲህ እናኑ ብቅ ስትል ጆንያዋን በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። እናኑ ግን ጆንያው ቢሸፈንም እንደ ልማዷ ቆማ፣ ስባ፣ ትሄዳለች።

አንጓች አንድ ቀን መላ መጣላት። ጎረቤቷ ስንቅነሽ ከእናኑ እንደምትገዛ ታውቃለችና፣ «እስቲ አንድ ሲኒ በርበሬ አበድሪኝ» ብላ ተቀበለቻት። ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ አሸተተችው። አፍንጫዋ እንደሆነ አይሳሳትም፤ በሶብላው ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል፣ ኮረሪማው ዝቅ ብሏል፣ ጦስኝ ጣል ተደርጎበታል። «ለካ ምሥጢሯ ይኼ ነው!» አለች። የእናቷን የቅመም አጣጣል ትታ፣ የአዲሱን ዓመት በርበሬ በሙሉ በዚያ ልክ አዘጋጀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አሻሻጧንም ቀዳች። በገዢዋ መዳፍ ላይ ቆንጠር አድርጋ፣ «ምን ምን ይላል?» ትላለች። ገዢዋ አፏን ሳትከፍት ግን ራሷ «ጥሩ ነው አይደል?» ትላለች። አንዷ ደፍራ «ኮረሪማው አነሰ መሰለኝ» ብትላት፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? አፍንጫ ያለኝ እኔ ነኝ!» ብላ አባረረቻት። የቀሩትም ጥቂት ደንበኞች አንድ በአንድ ሸሹ። ለልጆቿ የምታጎርሰው ነገር ማነስ ጀመረ። አንጓች ግን ስህተቱን ከራሷ አልፈለገችም። ዓይኗ ሁሉ ከማዶው መደብ ላይ ነበር።

በመጨረሻ፣ «መቼም አንድ የደበቀችው ነገር አላት» ብላ ወደ እናኑ ቤት ሄደች። ሰው ቢያያት ወንፊት ልዋስ መጣሁ ልትል ነው። አጥሩ ሥር ስትደርስ የሚታመስ ቅመም ሸተታት። በአጥሩ ቀዳዳ ብታይ እናኑ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ በብረት ምጣድ ላይ ታምሳለች። አንጓች ሳታውቀው አፍንጫዋ ሥራውን ጀመረ። ቅመሙ እየደረሰ ነው። ደረሰ። አሁን መውረድ አለበት። እናኑ ግን እጇን ሳታፋጥን ማገላበጧን ቀጠለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ጎረቤቷ ግቢ ተጣራች።

«እትዬ! ደርሶልኛል ወይ?»

ከወዲያኛው ግቢ አንዲት አሮጊት መለሱ። «ሸቶኛል፤ አውርጂው የኔ ልጅ!»

አንጓች በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ይህች ሴት አይሸታትም! አገሩ ሁሉ ተሰልፎ የሚገዛት ቅመም ነጋዴ አፍንጫዋ አይሠራም!

እዚህ ላይ ጥቂት ብታዝንላት መልካም ነበር። አላዘነችም። ደስ አላት። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰው ጉድለት ሲያገኝ የተደገሰለት ይመስለዋል። ወንፊቱንም ሳትዋስ እየከነፈች ተመለሰች።

ጉዱን የምታወጣበት ቀን ሩቅ አልነበረም። እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ፣ ከአንጓች እናት ዘመን ጀምሮ የዚያች መደብ ደንበኛ የነበሩ ባልቴት፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሰርግ በርበሬ ማዘዝ ማለት የገበያ ምስክር ማግኘት ማለት ነው፤ የእትዬ ማንጠግቦሽን ሰርግ የያዘች ሴት ዓመቱን ሙሉ ሥራ አታጣም። አንጓች ይህ ሰርግ ቢሰጣት ከወደቀችበት እንደምትነሳ ታውቃለች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አሮጊቷ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወደ ቅመም ተራ መጡ። አንጓች ብድግ አለች። አሮጊቷ ሰላም አሏትና አልፈዋት ሄዱ፤ ከእናኑ ፊትም ቆሙ።

ያን ጊዜ አንጓች የገበያውን ጫጫታ የሚያስንቅ ድምፅ አወጣች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ! የልጅዎን ሰርግ ለማን ሊሰጡ ነው? ይህቺ ሴት አፍንጫዋ አያሸትም! በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ! ቅመሙ ይረር ይድረስ አታውቅም! አገሩን እያታለለች ነው!»

ገበያው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንጓች ሰው ሁሉ የእናኑን ተራ ጥሎ ሲሄድ ለማየት ተዘጋጅታ ቆመች። ከተራው ላይ ግን አንዷ ሴት ሳቀች፤ ሌላዋም ተከተለቻት።

«ይኼንንማ ራሷ ነግራናለች» አለች የመጀመሪያዋ። «እኛ አይደለን እንዴ የምናሸትላት?»

እናኑ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እውነቷን ነው» አለች። «ከጥቂት ዓመት በፊት ታምሜ ወደቅሁ። እኔ ስነሳ አፍንጫዬ አብሮኝ አልተነሳም። ሥራዬ የሰርግ ወጥ መሥራት ነበር። ችግሬን ደብቄ አንድ ሰርግ ያዝኩ፤ ቅመሙ አርሮ ሳይሸተኝ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት። የሰው ልጅ ሰርግ አበላሸሁ፤ ባገሬ መቀመጥ አፈርኩ። እዚህ ስመጣ ግን አልደብቅም ብዬ ማልኩ። እኔ ባይሸተኝ ሌላ ሰው ይሸተዋል፤ ልጠይቅ አልኩ። ሲነግሩኝ እሰማለሁ፣ የሰማሁትን አልረሳም። ያለኝ ሙያ ይኸው ነው።»

አንጓች የያዘችው ሰይፍ ከእጇ ላይ ጠፋባት። ግን ቅናት መሸነፍ አይወድም። «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመደቤ ፊት ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? የማይሸትሽ ከሆነ ምን ትስቢያለሽ?»

እናኑ አሁን አፈረች። ስለ አፍንጫዋ ስትናገር ያላፈረች ሴት፣ ለዚህ መልስ ዓይኗን ሰበረች።

«ልጅ ሳለሁ እናቴ ይዛኝ ወደዚህ ገበያ ስትመጣ፣ የእናትሽ በርበሬ ገና ወንዙን ሳንሻገር ይሸተን ነበር። ሐኪም አፍንጫሽ አንድ ቀን ሊመለስልሽ ይችላል ብሎኛል። ከተመለሰልኝ መጀመሪያ እሱ ይሽተተኝ ብዬ ነው የምቆመው። አንጓች፣ ቀንቼብሽ ነው። ሰው ካለው ነገር ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ያንቺን አፍንጫ ነበር የምለው።»

ከአንጓች ቀድመው የተናገሩት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው።

«አዬ ልጄ» አሉ ለእናኑ፤ «አሁንማ አፍንጫሽ ቢመለስም አታገኚውም። ያ ሽታ ከዚያ መደብ ከጠፋ ከረመ።» ከዚያ ወደ አንጓች ዞሩ። «ለልጄ ሰርግ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነበር። ባለፈው ሰው ልኬ ካንቺ አስገዛሁ። የእናትሽን በርበሬ ስጠብቅ የማላውቀውን በሶብላ ላክሽልኝ። የሌላ ሰው እጅ መግዛት ካለብኝማ ከባለቤቱ እገዛለሁ።»

ስንቅነሽ ከተራው መሐል ሆና ጣልቃ ገባች። «በሶብላ? ውይ አንጓች! ያ ያበደርኩሽ እኮ ለባሌ የተዘጋጀ ነው! እሱ እንደሆነ በሶብላ ካልበዛበት አይበላም፤ በቤታችን ከሱ በቀር የሚወደው የለም!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንጓች ዓመቱን ሙሉ የቀዳችው የእናኑን ሙያ አልነበረም፤ የአንድ ጎረቤት ባል አመል ነበር።

ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። ከጆንያዋ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው። የገዛ በርበሬዋን ካሸተተች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ያን ዕለት ታወቃት፤ ስታሸት የከረመችው የማዶውን ነበር። ያ እፍኝ እናቷን አይልም፣ እናኑንም አይልም። ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰርጉ አለፋት። ያ በርበሬም ለማንም ሳይሆን ቀረ። አዲስ ዛላ ገዝታ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስጥታ፣ የእናቷን አጣጣል ከልቧ እያስታወሰች እንደገና ጀመረች። ለልጆቿ የከበደ ወራት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናኑ እንደ ልማዷ መጥታ ቆመች። «እንደምን አደርሽ እህቴ» አለች። አንጓች «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ጆንያውን ገልጣ ከበርበሬው ቆንጠር አድርጋ በእናኑ መዳፍ ላይ አኖረች። እናኑ ዓይኗን ጨፍና ረጅም አድርጋ ሳበች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ምንም» አለች።

«ዓይንሽን አትግለጪ» አለቻት አንጓች። «እኔ ልንገርሽ። ፊት ለፊት ኮረሪማው ይመጣል፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ፀሐይ እንደነካው እንጨት። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አብረው ይመጣሉ፤ በእርጥባቸው ነው የተደለዙት። ከሁሉም ኋላ፣ አፍንጫሽን ልታነሺ ስትይ፣ ጤና አዳም ጭል ብሎ ያልፋል። እናቴ የምትጨምረው በጣቷ ጫፍ ነበር።»

የእናኑ ዓይኖች እንደተጨፈኑ እንባ አቀረሩ።

«እሱ ነው» አለች። «ከወንዙ ማዶ የሚሸተን እሱ ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሁለቱም ሴቶች ቀንተዋል፤ መቅናቱ ከሰው ልጅ አይጠፋም። እናኑ የጎደላትን ሳትደብቅ ጠይቃ ሠራችበትና እንጀራ ወጣላት። አንጓች ግን የሞላላትን ንቃ የሰው ስትቀዳ፣ ባላት ነገር ልትከስር ምንም አልቀራት። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የገዛ ጉድለት እንኳ በእውነት ከሠሩበት ያበላል።

እናንተስ፣ ከመደባችሁ ፊት ቆሞ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ስታዩ ጆንያችሁን ለመሸፈን አትቸኩሉ። ምናልባት እናንተ ማሽተት የተዋችሁትን የራሳችሁን ነገር እየፈለገ ይሆናል። እስቲ ዛሬ ከገዛ ጆንያችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ አሽቱ፤ ምን ምን ይላል? እናንተን ነው ወይስ የጎረቤትን ባል?