የይርዳው አግዳሚ

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ጆሮ ያለው ይስማኝ፤ እንቅልፍ የመጣበትም ግድግዳውን ይደገፍ፣ አልቀየምም።

ከአንድ ገደል ሥር ባለች መንደር ይርዳው የሚባል ገበሬ ከእናቱ ከየውብዳር ጋር ይኖር ነበር። ቤታቸው ከዳገት ግርጌ ስለተሠራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ውኃ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ይገባል። መሬቱ ይርሳል፣ መደቡም ውኃ እየጠጣ ይላሽቃል። የየውብዳርን አልጋ ምስጥ በልቶ ስለጨረሰው፣ አሮጊቷ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፋ ነበር የምትተኛው። ባለፈው ክረምት የያዛት ሳል በጋውን ሁሉ አልለቃት አለ። መድኃኒት የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ጀርባዋን ዳብሳ አየችና ይርዳውን ወደ ደጅ ጠራችው።

«ይኸን በጋ ተርፋለች» አለችው። «የሚመጣውን ክረምት ግን እዚህ እርጥብ መሬት ላይ ከተኛች አትወጣውም። እናትህን ከመሬት አንሣት።»

ማንሣቱስ ባልከፋ፤ በምን ያንሣት? ይርዳው እርፍ ይጨብጣል እንጂ መጋዝ ይዞ አያውቅም። የመንደሩ አናጢ ሞቷል፣ ሙያውን የወረሰለት ሰው የለም። ይርዳው ወደ አናጢው ሚስት ሄዶ ደጇ ላይ ቆመ። እሷም መጋዙን፣ መሮውንና መላጊያውን በአቁማዳ ከትታ፣ «እዚህ ዝገው ከሚቀሩ ለእናትህ ይሁኑ» ብላ ሰጠችው። ይርዳው የገዛ ምሳሩን ጨምሮ ሥራ ጀመረ።

ለአልጋው ያዘጋጀውን እንጨት መሬት ላይ አጋድሞ በእግሩ ረገጠና በመላጊያው ገፋው። እንጨቱ ሸሸ። ከድንጋይ አስደግፎ ገፋው። እንጨቱ ተንከባለለ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገፋው። ይኸኔ እንጨቱ ዘወር አለና የመላጊያው ስለት የይርዳውን አውራ ጣት ላጠው።

«አንተ ሰው!» አለ መላጊያው። «እንጨቱ ይሸሻል፣ አንተ ታባርረዋለህ፣ እኔ መሐል ገብቼ ሰው እበላለሁ። የሞተው ጌታዬ እንጨቱን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚልገው። እንጨቱ ረግቶ ካልጠበቀኝ እኔ አልልግም።»

«አግዳሚው የታለ?» አለ ይርዳው፣ ደሙን በአመድ እያደረቀ።

«ለጌታዬ ተዝካር ወጥ ማብሰያ ተማገደ» አለ መላጊያው።

ይርዳው ተቀምጦ አሰበ። አልጋ ለመሥራት አግዳሚ ያስፈልገዋል። አግዳሚው ደግሞ ቀን ይበላል። ከቤት ውስጥ የእናቱን ሳል በሰማ ቁጥር ልቡ ይቆረጣል።

በማዶው ሸንተረር ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና ብቅ አለች።

«ይርዳው፣ ልመጣ ነው» አለችው።

«እናቴ መሬት ላይ ናት» አላት።

«እኔ የምመጣው ለእህሉ ነው፤ የእናትህ ጠላት አይደለሁም» አለች ደመናዋ። «ግን እግሬን የማሳርፍበትን መርጬ አላውቅም።»

ምሳሩ ይኸን ሰምቶ ከጥጉ ተነሣ። ምሳር መቼም ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም።

«አግዳሚ ምን ይገዳል!» አለ። «ወንዝ ዳር ዋንዛ ቆሟል። እጥለዋለሁ፣ ለሁለት እፈልጠዋለሁ፣ አራት እግርም ከቅርንጫፉ አወጣልሃለሁ። ጀምበር ሳትጠልቅ አግዳሚህ ላይ ነህ!»

ወንዝ ወረዱ። ዋንዛው ሲወድቅ፣ «ውኃዬ ገና አልወጣም፤ ታገሠኝ» ብሎ ለመነ። ይርዳው መታገሥ አልቻለም። ግንዱን ፈለጠው፤ አንዱን ፍላጭ ጥላ ውስጥ ተወው፣ ሌላውን ተሸክሞ ወደ ቤት ወጣ። ፍላጩን በስቶ አራት እርጥብ እግር አስገባለት። አግዳሚው ቆመ። ይርዳውም ደስ አለው፤ ጎረቤቱን አያ ቢተውን ጠርቶ አሳየው።

የበጋው ፀሐይ ግን ሥራውን ያውቃል። ሳምንት ሳይሞላ እግሮቹ ከሱ፣ ቀዳዳዎቹ ሰፉባቸው። ይርዳው እንጨት አስቀምጦ ገና መላጊያውን ሲያነሣ አንደኛው እግር ወለቀ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ይርዳውም ከነመላጊያው ተዘረጋ።

«ከነውኃችን አስገባኸን» አሉ እግሮቹ መሬት ላይ ሆነው። «ውኃው ሲሄድ ከሳን። እኛ ምን እናድርግ?»

«ምሳሩ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ይርዳው።

«እኔ ቆራጭ ነኝ» አለ ምሳሩ። «ስለ መድረቅ ማን ጠየቀኝ?»

ያኔ ደመናዋ ሰፍታ የሸንተረሩን ጫፍ ሸፍና ነበር። ነጎድጓድም ከውስጧ ሆኖ፣ «ይርዳው፣ እየመጣን ነው» አለ።

አሁን ደግሞ መጋዙ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ተናገረ። መጋዝ ምክሩን በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚሰጥ፤ ተጠንቀቁት።

«ምሳር ችኩል ነው፣ እሱን ተወው» አለ። «አጥርህ ላይ ደርቀው የቆሙ የጽድ ቋሚዎች አሉህ። ከነሱ አራት እግር ቆርጬ እሰጥሃለሁ፤ እንዲህ ያለው እግር አይከሳም።»

እውነቱን ነበር። የጽዱ እግሮች ጸንተው ገቡ፤ አንዱም አልወለቀም። ነገር ግን ይርዳው ሲቀመጥበት አግዳሚው አነከሰ፤ ወዲህ ሲሉት ወዲያ፣ ወዲያ ሲሉት ወዲህ።

«አንደኛው እግር ረዝሞ ነው» አለ መጋዙ። «ትንሽ ላሳጥረው።»

አሳጠረው። አግዳሚው በሌላ በኩል አነከሰ።

«አሁን ደግሞ ያኛው ረዝሞ ነው። ትንሽ ላሳጥረው።»

አሳጠረው። አሁንም አነከሰ።

«ይኼኛውን ትንሽ» እያለ፣ «ያኛውን ትንሽ» እያለ፣ መጋዙ አራቱንም እግር በልቶ ጨረሰ። አግዳሚው መሬት ነክቶ ተኛ፤ ዶሮ እንኳ ልትሰፍርበት ናቀችው።

«መጋዙ፣ ምን አደረግኸኝ?» አለ ይርዳው።

«መጋዝን ምክር የጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይመከራል?» አለ መጋዙ። «እኔ የማውቀው ቁረጥ ነው።»

አያ ቢተው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ይኸን አየ። አያ ቢተው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን ከልቡ ይቀድማል።

«አንተ ይርዳው» አለ። «እናትህ መሬት ላይ እያቃሰተች አንተ ለመጋዝህ መቀመጫ ትሠራለህ? መላጊያው ነው የታመመው ወይስ የውብዳር?»

ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ገባ። እናቱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምትመጣውን ደመና ታያለች።

«ይርዳዬ» አለችው። «የመጋዙን ድምፅ ስሰማ ሰነበትሁ፤ አልጋውን ግን አላየሁም።»

«እማዬ፣ አልጋሽን አልጀመርሁትም» አለ። «አልጋው የሚሠራበትን አግዳሚ ስሠራ ነው የሰነበትሁት። እሱም እንቢ አለኝ።» ይኸን ብሎ እግሯ ሥር ተቀመጠ። የውብዳርም ራሱን ዳበሰችው፤ አንድም ቃል አልወቀሰችውም። ይኸ ከወቀሳ ይብስ ነበር።

ይኸኔ በርጩማው ከሥሯ ሆኖ ተናገረ። በርጩማ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀመጡበት የኖረ ዕቃ ነው፤ አሳብ አለው ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም።

«ስንት ዘመን እናትህን ተሸክሜአለሁ» አለ። «አንድ ቀን አንክሼባት አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለ ይርዳው።

«እግሬን ቁጠረው።»

«ሦስት ነው።»

«ባለ አራት እግር ሁልጊዜ አንዱ እግሩ መሬት ያጣል። ባለ ሦስት እግር መሬት አያጣም። ደጅህ ጎርባጣ ነው፤ የእንጨቱን እግር ብታሳጥር መሬቱ አይስተካከልልህም።»

«ፈረስስ?» አለ ይርዳው። «ባለ አራት እግር አይደለም ወይ?»

«ፈረስ ጉልበት አለው፣ ያጥፈዋል» አለ በርጩማው። «እንጨት ምኑን ያጥፋል? ይልቅ እግሩን ከቆጡ ጠይቅ።»

ይርዳው ቀና አለ። ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ፣ ለእርፍና ለድግር ብሎ የሰቀላቸው የወይራ እንጨቶች ነበሩ። ዓመታት ጭስ ጠጥተው እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል። ገበሬ ለእንዲህ ያለ እንጨት እንደሚሳሳ ታውቃላችሁ፤ ለልጁ የሚያወርሰው ነው።

«ለእርሻህ ነበር የሰቀልኸኝ» አለ ወይራው ከላይ ሆኖ። «እኔን የአግዳሚ እግር ካደረግኸኝ፣ እርፍህ ቢሰበር ምን ይዘህ ታርሳለህ?»

ይርዳው እናቱን አየ። ደመናውን አየ።

«እርሻ ለከርሞ ይደርሳል» አለ። «እናቴ ግን ለከርሞ አትደርስልኝም።»

«እንግዲያስ አውርደኝ» አለ ወይራው። «አንድ ነገር ግን ስማኝ። ከደረቅ እንጨት ጋር አታጋባኝ። ጥላ ውስጥ የተውኸው የዋንዛ ፍላጭ አለ፤ ውኃው ሁሉ ገና አልወጣም። ከሱ ውስጥ አስገባኝ። እኔ ከእንግዲህ አልከሳም፤ እሱ ግን ሲደርቅ እየጠበበ አጥብቆ ይይዘኛል።»

ይርዳው ፍላጩን ከወንዝ ዳር ተሸክሞ አመጣ። መሮው እስከዚያች ቀን ትንፍሽ አላለም ነበር። «እኔን የሚያስታውሰኝ የቸገረው ነው» ብሎ ቀስ እያለ ሦስት ቀዳዳ በሳ፤ ሁለቱን በአንድ ጫፍ፣ አንዱን በሌላው ጫፍ። ይርዳው የወይራ እግሮቹን በመዶሻ መትቶ አስገባ። ምሳሩ «ቶሎ በል» ሲል አልሰማውም፤ መጋዙ «ትንሽ ላሳጥር» ሲል አልሰማውም። አግዳሚውን ጎርባጣው ደጅ ላይ አቆመና ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተቀመጠበት።

አላነከሰም። ከጫፉ አንዲት አጭር ካስማ ተከለበት፤ የሚላገውን እንጨት ከካስማዋ አስደግፎ መላጊያውን አነሣ።

«በል አሁን ግፋኝ» አለ መላጊያው። ይርዳው ገፋው፤ እንጨቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ሲወድቅ ይርዳው አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ አልጋው ራሱ ቀን አልፈጀም ማለት ይቻላል። ጎኖቹ ተላጉ፣ እግሮቹ ተበሱ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አያ ቢተው በአጥሩ ላይ ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሲመጣ የበሬ ቆዳ ጠፍር ተሸክሞ ነበር።

«ጠፍር መወጠር ሁለት ሰው ይፈልጋል» አለ። አንደኛው ከወዲህ፣ አንደኛው ከወዲያ እየጎተቱ አልጋውን ጠፈሩት። አያ ቢተው ሊሄድ ሲል፣ «እርፍህ ከተሰበረ ከኔ ውሰድ» ብሎ ወጣ።

የውብዳርን አንሥተው አልጋው ላይ ያስተኟት ዕለት ደመናዋ ሰማዩን ሁሉ ያዘች።

«ይርዳው፣ መጣሁ» አለች።

«ነይ» አላት።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ከዳገቱ የመጣው ውኃ እንደ ልማዱ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ገባ፣ በአልጋው እግሮች መካከል አለፈ፣ በበሩም ወጣ። ይርዳው ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲጠብቅ አደረ። የእናቱን ሳል ጠበቀ፤ የሰማው ግን እንደ ልጅ የረጋ ትንፋሿን ነው።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የቤቱ ወለል ጭቃ ሆኗል። የውብዳር ነቃች። አልጋዋን ምስጥ ከበላው ወዲህ ክረምት መግባቱን የምታውቀው በጀርባዋ ነበር። ጀርባዋን ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። ወደ ልጇ ዞር ብላ፣

«ይርዳዬ» አለችው፣ «ክረምቱ ዘንድሮ ዘገየ እንዴ?»

ይርዳው ጭቃው ላይ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ ጋቢዋን አስተካክሎ አለበሳት።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች፤ እናንተ ይቺን ያዙ። ለደካማ ማረፊያ የሚሠራ ሰው፣ አስቀድሞ ለሚሠራው እጁ ማረፊያ ያበጅ።