የደብሪቱ ባቄላ

በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ወንዝ በሚጠጣ የቆላ መንደር፣ ደብሪቱ የምትባል ፈሪ መበለት ነበረች። ብትፈራም አይፈረድባትም። ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የውሃ ዳኛው ቀለመወርቅ ነበር። ዳኛ የሚመረጠው በየዓመቱ ሰው በእንስራ ውስጥ ባቄላ እየጣለ ነው። ቀለመወርቅ ግን አንድ ዓመት፣ "ማሳው የደረቀ ሰው ለውሃ ምን አገባው? ባቄላ የሚጥል ከማሳው እርጥብ ቅጠል ይዞ ይምጣ" ብሎ ደነገገ። ከዚያ የማይወዱትን ሰዎች ቦይ ዘጋ። የታችኛው ሰፈር ማሳም ድምፅም አብረው ደረቁ።

የዚያው ሰፈር ነዋሪ ደብሪቱ ሦስት ልጆች ነበሯት።

እንዳለው የሚባለው ትልቁ በጉባኤ መሀል ተነሣ። እናቱ ኩታውን ይዛ፣ "ተው ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለችው። እሱ ግን "ማሳችንን ያደረቀው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። እስከዚያ ቀን ይህን በአደባባይ የጠየቀ አልነበረም። የዳኛው ሎሌዎች እዚያው አስረው ወሰዱት።

ትንሹ መኩሪያ ከላይኛው ሰፈር ሚስት አግብቶ ስለነበር ውሃም ባቄላም አላጣም። አንድ ቃል አልተነፈሰም። የውሃ ተራው በደረሰ ቁጥር ግን ውሃውን ወደ ታች ለቀቀው። የታችኛው ሰፈር ማሽላ አቆጠቆጠ፤ የእሱ ማሳ ነደደ፤ ባቄላውንም አጣ።

ቅጠሉስ ተገኘ፣ ይዞት የሚወጣ ግን ጠፋ። የእንዳለውን መታሰር ያየ ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መካከለኛዋ አንጓች በየደጁ ዞረች። አንዳንዱ ውሻ ለቀቀባት፤ እሷ ግን ተመልሳ አንኳኳች። "ሁላችን ከወጣን ማንን አስሮ ማንን ይተዋል?" አለቻቸው። በመጨረሻ በምርጫው ቀን ቅጠላቸውን ይዘው ወጡ። ደብሪቱም ቅጠሏን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ከኋላ ተከተለች።

ባቄላው ሲቆጠር ቀለመወርቅ ተሻረ፤ ድንጋጌውም አብሮት ወደቀ፤ እንዳለውም ተፈታ። የተሻረው ዳኛ የዳኝነት ዘንጉን ሲያስረክብ፣ "እኔንም ደግ ነው ብላችሁ ነበር የመረጣችሁኝ" አለ። እውነቱን ነበር።

ለአዲሱ ዳኛ ምርጫ ሦስት እንስራ ከመጋረጃ ጀርባ ተደረደረ፤ ለእያንዳንዱ የደብሪቱ ልጅ አንድ አንድ። መንደሩ ባቄላውን ጥሎ ሲቆጠር ሦስቱ እኩል ሆኑ። ያልጣለች ደብሪቱ ብቻ ቀረች።

አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ቆማለች። ባቄላዋ በላብ ርሷል። ልጆቿ ከውጭ ይጠብቋታል። እስከዛሬ የፈራችው ለልጆቿ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሦስቱ ለአንዱ ውሃውን ልትሰጥ ነውና ልጆቿን ፈራች።

እስቲ ፍረዱ፤ ባቄላዋ የሚገባው ለማን ነው? ለጠየቀው፣ ለሌላው ሲል የራሱን ማሳ ላደረቀው፣ ወይስ በር ላንኳኳችው?