ሙሽራ የከለከለ በር

አንድ እጁ የተባረከ አናጢ ነበር። የሚሠራው በር እንጨቱ ጽድ፣ ቁልፉ ረቂቅ፣ ሲዘጋ ድምፁ እንኳ ደስ ይላል። ታዲያ አንድ አመል ነበረው፤ በሩን ይሸጣል እንጂ ቁልፉን አይሰጥም። ቁልፉን ይዞ ደጅ የሚቆመው የራሱ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ደግሞ የአናጢውን ማኅተም ያልያዘ ሰው፣ የቤቱ ባለቤት እናት ብትሆንም አያስገባም። «ለእናንተው ብዬ ነው፤ ሌባ እንዳይገባባችሁ» ይላል አናጢው። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሌባም አልገባም።

ሌባ ያማረራት ደብሪቱ የምትባል መበለት ይህን በር ስታሰቅል እልል ብላለች። በኋላ እህቷ በርጩማ ይዛላት ብትመጣ፣ ዘበኛው «በርጩማው የጌታዬ ሥራ አይደለም» ብሎ ከደጅ መለሰው። ደብሪቱን ቅር አላት። ግን «ይሁን፣ እንቅልፌን እስከተኛሁ» ብላ ዋጠችው።

ከዚያ አንድ ልጇን ውባለምን ልትድር ሆነ። ሙሽራው ከወንዝ ማዶ ነው። በአገሩ ወግ ሙሽራ ከሙሽሪት ቤት ገብቶ፣ የእናቷን ጉልበት ስሞ ነው የሚወስዳት። ሙሽሪት ራሷ ወጥታ ከሄደች «ኮበለለች» ይባልና ስሟ ይጠፋል። ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሙሽሪት ጓደኞች በር ላይ ተደርድረው «አናስገባም» እያሉ ይዘፍናሉ፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ በመጨረሻ ይከፈትላቸዋል። ጨዋታ ነው፤ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል።

የሰፈሩ ሰው ቀደም ሲል ማኅተም ስለተሰጠው ገብቶ ተቀምጧል፤ ለሙሽራው ማኅተም ማስፈለጉን ግን ማንም ልብ አላለም። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ደረሰ። ልጃገረዶቹ እስኪበቃቸው ዘፍነው ዞር አሉለት። ዘበኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ማኅተም!» አለ።

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። «ወይ ጉድ! የዚህ ቤት ሰዎች ጨዋታ ያውቃሉ!» አሉና ዘፈኑን አደመቁት። ዘበኛው ፊቱን ባኮሳተረ ቁጥር «ጎበዝ!» እያሉ ያጨበጭቡለታል። ውስጥም ደብሪቱ ጭፈራው ሲረዝም «እሰይ፣ የልጄ ጓደኞች በርትተዋል!» እያለች ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ሚዜዎቹ ላብ በላብ እስኪሆኑ ድረስ ነገሩ የምር መሆኑ ለማንም አልገባውም።

በመጨረሻ የሙሽራው አባት ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄን ደጅ የሚያስቆሙት ምን ቢንቁን ነው? በቅሎዎቹን አዙሩ!» አሉ።

ደብሪቱ ይህን በመስኮት ስትሰማ ክው አለች። ልጇ ተሞሽራ ልትቀርባት ነው! አናጢው የክብር እንግዳ ሆኖ ዶሮ ወጡን ሲያጣጥም ወደተቀመጠበት ሮጠች።

«ወንድሜ፣ ሙሽራው ደጅ ቀረብኝ። አስከፍትልኝ!»

«መጀመሪያ ላውቀው ይገባል። በሳምንቱ ይምጣና መርምሬ ማኅተም እሰጠዋለሁ።»

«ሰርጉ ዛሬ ነው እኮ! ለመሆኑ ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«በሩስ?»

«እሱም ያንቺ።»

«ታዲያ ልጄን ለማን እንደምሰጥ የማውቅ ሴት፣ በሬን ለማን እንደምከፍት አላውቅም?»

አናጢው ጉርሻውን በግድ ዋጠና «ሌባ ቢገባብሽስ?» አላት።

«የማይታወቅ ሰው ሲመጣ ንገረኝ፣ አስጠንቅቀኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ እልሃለሁ። ሰምቼህ የማስገባው ግን እኔ ነኝ። ብሰረቅም የምሰረቀው እኔ!»

ይህን ብላ ነጠላዋን ታጠቀች። «ጎበዝ፣ በሩን ንቀሉልኝ!» አለች። ጎረምሶቹ ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል በሩን ከማጠፊያው አውጥተው በትከሻቸው አነሱት። ዘበኛው ቁልፉን እንደያዘ፣ በሌለ በር ፊት ቆሞ ቀረ።

እልልታው ሰማይ ነካ! የሙሽራው አባት ነገሩ ሲነገራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሙሽራው ገብቶ የደብሪቱን ጉልበት ሳመ፤ እሷም እያለቀሰች እየሳቀች መረቀችው። ያ የሚፈራ በር ዳስ ውስጥ ተጋድሞ ሥጋ ተከተፈበት። አናጢው መጀመሪያ አፈረ፤ በኋላ ሚዜዎቹ ጎትተው ሲያስነሱት አብሮ ጨፈረ። እስክስታው ግን እንደ አናጢነቱ አልሆነለትም።

በማግስቱ በሩን ራሱ መልሶ ሰቀለው፤ ቁልፉንም ለደብሪቱ ሰጣት። ዘበኛው አልተባረረም። አሁን እንግዳ ሲመጣ «እኔ አላውቀውም፤ ላስገባው ወይስ ልመልሰው?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም አንዳንዱን ታስገባለች፣ አንዳንዱን ትመልሳለች።

ወዳጆቼ፣ የዛሬው በር ኪሳችን ውስጥ ነው። በላባችን በገዛነው ስልክ ላይ የወደድነውን መተግበሪያ ልንጭን ስንል፣ «አምራቹ አላወቀውም፤ አይገባም» እንባላለን። ጥበቃው መልካም ነው፤ ሌባ መኖሩን ማን ይክዳል? ነገር ግን ማስጠንቀቅ የወዳጅ ሥራ ነው፤ ሸጦ ሲያበቃ በሰው ቤት ማዘዝ ግን ወዳጅነት አይደለም። የሚጠብቀን ሰው ሊያስፈልገን ይችላል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የባለቤቱ ይሁን።

እስቲ ስልክዎን አውጥተው ይዩት። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?