ፊት የሚያጠራው ፎቶ አንሺ

ይህን ያጫወተችኝ ጸጉር ሠሪዋ ውድነሽ ናት። ሙሽሮችን ለፎቶ የምታሰናዳው እሷ ስለነበረች የፎቶ ቤቱን ጓዳ አሳምራ ታውቃለች።

አንድ ምትኬ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ፊት ያጠራል ተብሎ ስሙ የወጣ ነው። ፎቶው የሚታጠብበትን ኔጋቲቭ በምላጭ ጫፍና በእርሳስ እየነካካ ማድያቱን፣ ጠባሳውን፣ የግንባሩን መሸብሸብ ድራሹን ያጠፋዋል። ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት ገብታ የአርባ ሆና ትወጣለች። ማን ይጠላል? እኔም ብሆን አልጠላም።

በዚያው ከተማ መምህር ቀለመወርቅ የሚባሉ ሰው ስለ ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ይጽፉ ነበርና አንድ ቀን የምትኬን ሥራ ነቀፉ። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ አሉ። ምትኬ ደንበኞቹ ፊት እያነበበ ሳቀባቸው። ካሜራ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ቅናት ነው ብሎ ጋዜጣውን ኔጋቲቭ የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አነጠፈው።

ዓመታት አለፉና እናቱ እማማ ስንዱ አረፉ። የሳቸውን ፎቶ በትልቁ አጥቦ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰቀለ። ከገጠር የመጡት አክስቱ ደረት ሊመቱ ፎቶው ፊት ቆሙና ወደ ምትኬ ዞሩ።

«ምትኬ፣ ይህቺ ማን ናት?»

«እናቴ ናታ፣ አክስቴ።»

«የኔ እህት አገጯ ላይ ንቅሳት አላት። ከቅንድቧ በላይ በልጅነቴ እኔው ራሴ በድንጋይ የፈነከትኳት ጠባሳ አለ። የት አደረስከው?»

ምትኬ ቀብሩ እንዳለቀ ፎቶ ቤቱ ገብቶ የእናቱን ኔጋቲቭ ሁሉ አገላበጠ። ምላጭ ያልነካው አንድም አልተገኘም፤ አንዴ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። መሳቢያው ባዶ ሲሆን ከሥሩ ያ ጋዜጣ ብቻ ቀረ። ቆሞ ደግሞ አነበበው። ያን ጊዜ ስድብ ያለበት መስሎት ነበር፤ አሁን ቢፈልግ አንድ ስድብ አጣ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው እጀ ብልህ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ስለሱ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ዛሬ የሚያጠፋውን ጠባሳ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ የሚፈልገው ሰው ይመጣል።»

ሠልስቱ እንደወጣ መምህሩ ቤት ሄደ።

«ስቄብዎት ነበር» አላቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«አሁን ሳነበው ግን እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!»

«ጽሑፉ ያው ነው ልጄ። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም።»

እንግዲህ የሚነቅፈን ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዳንዱ ቃል ቀድሞን ይደርሳል፤ እኛ እስክንደርስበት ዓመት ይፈጃል፣ እስከዚያም የምናጠፋውን አጥፍተን እንቆያለን። እናንተስ አንድ ጊዜ አንብባችሁ በንዴት የጣላችሁት ወረቀት የለም?

ምትኬ ፊት መፋቁን ተወ፤ ሙሽሮቹም ማዶ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄዱ። አሁን ጉርድ ፎቶ ያነሳል። አክስቱ አገራቸው ገቡ። መምህር ቀለመወርቅ በዓመቱ አረፉ።